ወደ ለስላሳው ሲጋር አገር፦ ሰባት ቀን በኩባ

ኩባን በልጅነቴ የማውቃት በአጎቴ አፍ ነው። ከኦጋዴን ጦርነት በኋላ ወደዚያ ከተላኩት በሺህ የሚቆጠሩ ልጆች አንዱ እሱ ነበር። የወጣቶች ደሴት በምትባለው ቦታ ግማሽ ቀን እየተማረ፣ ግማሽ ቀን በብርቱካንና በግሬፕፍሩት እርሻ እየሠራ አደገ። ዛሬም ሲናደድ በስፓኒሽ ነው የሚናደደው። ትምባሆ ግን በአፉ ዞሮ አያውቅም። ከዘመድ መሐል ሲጋር፣ ያን በወረቀት ሳይሆን በራሱ በትምባሆ ቅጠል የሚጠቀለለውን፣ የወደድኩ እኔ ብቻ ነኝ፤ አያቴ በሕይወት ብትኖር «አፄ ዮሐንስ የከለከሉትን!» ብላ ከቤት ታስወጣኝ ነበር።

የወደድኩት በአንድ ሲጋር ምክንያት ነው። ከስድስት ዓመት በፊት ፍራንክፈርት ውስጥ አንድ የሥራ ባልደረባዬ ልጅ ሲወለድለት ለሁላችንም አንዳንድ አደለን። ሆዮ ዴ ሞንቴሬይ፣ ኤፒኩሬ ቁጥር 2 ይባላል። ጉሮሮ የሚልጥ ነገር ጠብቄ ነበር፤ ያገኘሁት የተጠበሰ ዳቦ፣ የወተት ቅባትና የጥድ እንጨት ሽታ ነው። ከዚያ ወዲህ በወር አንድ፣ ብዙ ጊዜም በሁለት ወር አንድ አጨሳለሁ። የሲጋር ጭስ ወደ ሳንባ አይሳብም፣ አፍ ውስጥ ቆይቶ ይወጣል። እንዲያም ሆኖ ጉዳት የለውም ብዬ ማንንም አላባብልም፤ ትምባሆ ትምባሆ ነው።

ብዙ አጫሾች ለስላሳውን ሲጋር የጀማሪ ነገር አድርገው ይንቁታል። እኔ አልስማማም። ቀይ ወጥ ላይ በርበሬው የሽንኩርቱን ጥሬነት ይሸፍናል። አልጫ ግን መሸሸጊያ የለውም፤ የሠራችው እጅ ወዲያው ይታወቃል። ለስላሳ ሲጋርም እንደ አልጫ ነው። ወደ ኩባ የሄድኩት እነዚያን እጆች ለማየት ነበር። አጎቴን «ጋሼ፣ ምን ላምጣልህ?» ብለው «የዘይቱን ማርማላታ» ብቻ አለኝ፤ ሌላ ነገር አልጠየቀኝም።

ሰኞ፣ ጥር 27 ቀን 2016 ዓ.ም. ሀቫና

እሑድ ሌሊት ስለገባሁ ከተማዋን ያየኋት ጠዋት ነው። ያረፍኩት ሴንትሮ ሀባና በሚባለው ሰፈር፣ ከሰው ቤት አንድ ክፍል ተከራይቼ ነው፤ ኩባዎች «ካሳ ፓርቲኩላር» ይሉታል። አዳር 25 ዩሮ፣ ቁርስ 5 ዩሮ። ሦስተኛ ፎቅ ነው፣ ሊፍት የለም፤ ውሃ በሰዓት ስለሚመጣ ጣሪያው ላይ ሮቶ ተቀምጧል። ለአዲስ አበባ ልጅ ይህ ሁሉ እንግዳ አይደለም። የቤቱ ባለቤት ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው። ገና በመጀመሪያው ቀን «ሚ ኢሆ»፣ ልጄ፣ ይሉኝ ጀመር፤ እኔም በልቤ እማማ አልኳቸው። ቁርስ ላይ ፓፓያ፣ ዘይቱንና አንድ እንቁላል ነበር። ዳቦ አልነበረም፤ ዳቦ ቤቱ ዱቄት አልደረሰውም አሉኝና ጥፋተኛ እንደሆነ ሰው አንገታቸውን ደፉ። የመጣልኝን እንቁላል ለማግኘት በማለዳ ስንት ሰፈር እንደዞሩ የሰማሁት ማታ ነው። ብር የመነዘርኩትም በእሳቸው በኩል ነው፤ 1 ዩሮ 300 ፔሶ ገደማ። የመንግሥቱ ምንዛሪ ያኔ ከዚያ ግማሽ በታች ነበር።

ከሰዓት በኋላ ወደ ባሕሩ ዳር፣ ወደ ማሌኮን ስወርድ አንድ ጎልማሳ ከጎኔ ተጠጋ። ዛሬ የሲጋር ሠራተኞች የኅብረት ሥራ ማኅበር ቀን ነው፣ ሠራተኛው ድርሻውን የሚሸጠው ዛሬ ብቻ ነው አለኝ። ሚስቱም ፋብሪካ ትሠራለች። ይህን ታሪክ ከመምጣቴ በፊት ሰምቼው ነበር፤ ሰውየው ግን ጨዋ ነበር፣ ስለ አገሬ ጠየቀኝ፣ እጄን ይዞ ደረጃ አወጣኝ። ኮሂባ የሚባለውን ዝነኛ የሲጋር ምልክት የወረቀት ቀለበት ያጠለቁ አምስት ሲጋሮች በ25 ዩሮ ገዛሁ።

ግንቡ ላይ ተቀምጬ አንዱን ለኮስኩ። በአንድ ጎኑ ብቻ እየነደደ ሄደ። ለመሳብ ጉንጬ እስኪሰረጉድ ታገልኩ፤ ምላሴን የሚያቃጥል ምሬት ብቻ ወጣ። ማታ ክፍሌ ገብቼ ሁለተኛውን በቢላ ሰነጠቅኩት። ውስጡ የተከታተፈ ፍርፋሪ፣ የቅጠል አጥንትና የወለል ጥራጊ የሚመስል ነገር ነው። በእጅ የተጠቀለለ ደህና ሲጋር ሲሰነጠቅ ከራስ እስከ ጫፍ ያልተቆረጠ ረጅም ቅጠል ነው የሚገኘው። ጭሱ የሚተላለፈው በቅጠሎቹ እጥፋት መሐል ነው፤ ፍርፋሪ ውስጥ ግን መንገድ የለውም። ሃያ አምስቱ ዩሮ አንገበገበኝ። እማማ ሲያዩት «ለምን አልጠየቅከኝም?» ብለው ተቆጡኝ፤ ቁጣቸው የእናት ነበር።

ማክሰኞ፣ ጥር 28። ሀቫና፣ ፋብሪካና ሱቅ

አንድ ፋብሪካ ለመጎብኘት ቲኬት ቆርጬ ነበር። ቦርሳና ስልክ በር ላይ ይቀራል፣ ፎቶ ክልክል ነው። ብዙ ሰዓት አቆሙን። ግን ስንገባ ያየሁትን አልረሳውም።

አዳራሹ ትልቅ የመማሪያ ክፍል ይመስላል። ሠራተኞቹ በረድፍ እንደ ተማሪ ዴስክ ላይ ተቀምጠዋል፤ ሴቶቹ ይበዛሉ። ፊት ለፊት ከፍ ያለ ቦታ ላይ አንዲት ሴት በማይክሮፎን ጋዜጣ ታነባለች። ይህች «ሌክቶራ» ናት፣ አንባቢ። ልማዱ የተጀመረው በ1865 (እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር) ሀቫና ውስጥ ኤል ፊጋሮ በሚባል ፋብሪካ ነው። በዚያ ዘመን ሠራተኞቹ ራሳቸው ገንዘብ እያዋጡ ለአንባቢው ይከፍሉት፣ ምን እንደሚነበብላቸውም ይመርጡ ነበር። ጠዋት ጋዜጣ፣ ከሰዓት ልብ ወለድ። ማንበብና መጻፍ ያልተማረ ሠራተኛ እጁ ቅጠል እየጠቀለለ ጆሮው ይማር ነበር። የወደዱት ንባብ ሲያልቅ የሚያጨበጭቡት በእጅ አይደለም፤ ቻቬታ የምትባለውን እጀታ የሌላት ግማሽ ጨረቃ ቢላ ጠረጴዛው ላይ ያንኳኳሉ። እኛ ስንወጣ እንደዚያ አንኳኩልን፤ ሰውነቴን ወረረኝ።

ሲጋር ከምትጠቀልል አንዲት ሴት አጠገብ ቆሜ ቆየሁ። ሲጋር ሦስት ነገር ነው። ውስጡ «ትሪፓ»፣ እሱን የሚይዘው ቅጠል «ካፖቴ»፣ ላዩ ላይ የሚለብሰው «ካፓ»። የትሪፓውን ቅጠሎች አንድ በአንድ እያጠፈች መዳፏ ላይ ደረደረቻቸው፤ የእያንዳንዱ እጥፋት አየር እንዲያሳልፍ አትጨፈልቀውም፣ ክፍተት እንዳይኖረውም አትለቀውም። ከዚያ በካፖቴ ጠቅልላ ከእንጨት በተሠራ ማተሚያ ውስጥ አስገባችው። ቅርጽ ከያዘ በኋላ ካፓውን በቻቬታ ቆርጣ፣ እያጠበቀች ዙሪያውን አለበሰችው። ጫፉን የከደነችው ከዚያው ቅጠል በተቆረጠች ትንሽ ክብ ነው፤ ማጣበቂያው ሽታም ጣዕምም የሌለው የዕፅ ሙጫ ነው። ዓይኗ አብዛኛውን ጊዜ እጇ ላይ አልነበረም፤ አንባቢዋን ትሰማ ነበር። እናቴ ወሬ እያወራች ስፌት ስትሰፋ ትዝ አለችኝ።

ከዚያ በአሮጌው ሀቫና፣ መርካዴሬስ በሚባለው ጎዳና ካለ የቅኝ ግዛት ዘመን ቤት ውስጥ ወደሚገኝ የመንግሥት ሲጋር ሱቅ ሄድኩ። መደርደሪያው ግማሹ ባዶ ነው። ሻጩ ግን ሥራውን የሚያውቅ ሰው ነው፤ ኤፒኩሬ ቁጥር 2 በነጠላ አለ አለኝ። ርዝመቱ 124 ሚሊ ሜትር፣ ውፍረቱ 50 ቁጥር ነው፤ ይህ ማለት አንድ ኢንች ለ64 ሲከፈል 50ው እጅ፣ ሁለት ሳንቲ ሜትር ገደማ። አንዱ 16 ዩሮ። አራት መረጥኩ። ሲመረጥ በሁለት ጣት ከታች እስከ ላይ ቀስ ተብሎ ይዳበሳል፤ ጠንካራ ወይም ባዶ ቦታ ካለ ጣት ያገኘዋል። ካፓው ወዝ ያለው፣ ደም ሥሩ የማይጎላ መሆን አለበት። ሻጩ «ደረሰኙን አትጣል፣ አየር ማረፊያ ይጠይቁሃል» ብሎ መከረኝ።

ረቡዕ፣ ጥር 29። ወደ ቪኛሌስ

ለጋራ ታክሲ በሰው 25 ዩሮ። መኪናው የ1950ዎቹ ሼቭሮሌት ነው፣ ሞተሩ ግን በናፍጣ ተቀይሯል። ከሀቫና ትምባሆ እስከሚበቅልባት እስከ ቪኛሌስ 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በሦስት ሰዓት ይደረሳል ተብለን ሰባት ሰዓት ፈጀብን።

አውራ ጎዳናው ሰፊ ነው፣ መኪና ግን የለበትም ማለት ይቻላል። በናፍጣና በቤንዚን እጥረት ምክንያት የፈረስ ጋሪ በፈጣኑ መንገድ ላይ ይሄዳል፣ ብስክሌተኛ በተቃራኒ አቅጣጫ ይመጣል። ጉድጓዱን ሾፌራችን በቃሉ ያውቀዋል። አንዱን ብቻ ሳተው፣ የኋላ ጎማችን ፈነዳ። ክሪክ አልነበረውም። እንደ አገሬ በየመንገዱ ዳር ጎሚስታ የለም፤ የሚያልፍ መኪናም የለም። ፀሐይ አናታችን ላይ ወጥታ አንድ ሰዓት ተኩል ቆምን። በመጨረሻ አንድ የጭነት መኪና ክሪክ አበደረን። ብዙም ሳንሄድ የናፍጣ ቱቦው ማፍሰስ ጀመረ፤ ሾፌሩ ከኪሱ የአሮጌ ከመነዳሪ ቁራጭ አውጥቶ ጠፍሮ አሰረውና ጉዞ ቀጠልን። እጁን በአፈር አሽቶ፣ አንድም ቃል ሳያማርር። የአገሬን ሾፌሮች አየሁበት።

የቆምንበት ቦታ ግን አንድ ደግ ነገር ነበረው። የመንገድ ዳር ነጋዴዎች አይብና የዘይቱን ማርማላታ ይዘው ይቆማሉ፤ ማርማላታው እንደ ሳሙና በጥፍጥፍ የተቆረጠ፣ ደም የመሰለ ቀይ ነው። ከአይቡ ጋር ቆርጠው አቀመሱን። ለአጎቴ ሁለት ጥፍጥፍ ገዛሁ፣ 600 ፔሶ።

ቪኛሌስ ስንደርስ መሽቷል፣ መብራትም ጠፍቷል። ያረፍኩበት ቤት ልጅ በባትሪ ብርሃን ተቀበለኝ። ሻንጣዬን ስከፍት የሲጋሮቹ ሳጥን ትኩስ ነበር፤ የኋላው ዕቃ መጫኛ እሳት ሆኖ ነበርና። የአንዱ ካፓ ከጎኑ ተሰንጥቋል። ልቤ አዘነ። ካፓ ሲደርቅ እንደ ብራና ነው፣ ትንሽ ነገር ይበቃዋል።

ሐሙስ፣ ጥር 30። ቪኛሌስ

ጠዋት በረንዳ ላይ ወጥቼ ሸለቆውን ሳይ አፌን ይዤ ቀረሁ። ሞጎቴ የሚባሉት የኖራ ድንጋይ ተራሮች ከሜዳው መሐል ቀጥ ብለው ይወጣሉ፤ አቋማቸው የገርዓልታን አምባዎች ያስታውሳል፣ ግን ከእግር እስከ አናት አረንጓዴ ለብሰዋል። ሸለቆው ከ1999 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ነው። አፈሩ እንደ ወላይታ ቀይ ነው። ገበሬው በሁለት በሬ ያርሳል! ሞፈርና ቀንበር ሳይ ቤቴ የደረስኩ መሰለኝ።

የቤቱ ልጅ ወደ አጎቱ ማሳ ወሰደኝ። ትምባሆው በትከሻዬ ልክ ቆሟል፤ ወቅቱ የመልቀም ነበር። ቅጠል እንደ ጎመን ከሥር ወደ ላይ ይለቀማል፣ በየጥቂት ቀኑ ሁለት ሦስት ቅጠል እየተባለ። ገበሬው ከአንድ ተክል ላይ ሦስት ቅጠል ሰጠኝ። የታችኛው «ቮላዶ» ነው፣ ፀሐይ ያልጠገበ፣ ስስ፤ ጣዕሙ ትንሽ ነው፣ ግን ሲጋሩ ሳይጠፋ እንዲነድ የሚያደርገው እሱ ነው። የመካከለኛው «ሴኮ» ይባላል፣ መዓዛው ያለው እዚህ ነው። የላይኛው «ሊሄሮ» ፀሐዩን ሁሉ የጠጣው ነው፤ ወፍራም፣ ዘይታም፣ ጉልበተኛ። ቀስ ብሎ ስለሚነድ ሁልጊዜ መሐል ላይ ይቀመጣል። ለስላሳ ሲጋር የሚሠራ ሰው ሊሄሮውን ይቀንሳል፣ ግን ፈጽሞ አይተወውም፤ አልጫም ዝንጅብልና ቃሪያ ይፈልጋልና። እርጅናቸውም ይለያያል፤ ሊሄሮ ሁለት ዓመትና ከዚያ በላይ ሲቆይ፣ ቮላዶ አንድ ዓመት ሳይሞላው ይደርሳል።

የማድረቂያው ጎጆ ጣሪያው በዘንባባ የተከደነ ነው። ቅጠሎቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው በመርፌና ክር ተሰፍተው በረጅም እንጨት ላይ ተሰቅለዋል፤ ከ50 ቀን ገደማ በኋላ አረንጓዴው ወደ ቡናማ ይለወጣል። ስገባ የሳር፣ የዘቢብና ዓይን የሚያስለቅስ የአሞኒያ ሽታ አንድ ላይ መታኝ። ከደረቀ በኋላ ተከምሮ ይብላላል፤ ያ አሞኒያ በብዛት የሚወጣው ያኔ ነው። ያልተብላላ ቅጠል እንደ ጥሬ ጠላ ነው፣ ሆድ ይነፋል፣ ራስ ያዞራል።

ገበሬው ከምርቱ አሥር እጁን ለራሱ ያስቀራል፤ ዘጠና እጁ የመንግሥት ነው። ከራሱ ድርሻ ጠቅልሎ አንዱን ጫፉን ማር ነክሮ ሰጠኝ። ቪኛሌስ ውስጥ ለእንግዳ ሁሉ እንዲህ ይደረጋል። ማሩን አልወደድኩትም፤ የመጀመሪያዎቹን ደቂቃዎች ቅጠሉ ሊነግረኝ የሚችለውን ማሩ ወሰደብኝ። ለጎብኚዎች የቅጠሉን አጥንት እያወጣ «ኒኮቲኑ ሁሉ እዚህ ነው ያለው» ሲልም ሰማሁ። እሱ ልክ አይደለም። አጥንቱ የሚወጣው ወፍራም ስለሆነ፣ በደንብ ስለማይነድ ነው፤ ኒኮቲኑማ የሚበዛው ቅጠሉ ላይ ነው። ብቻችንን ስንሆን ጠየቅኩት፣ አልተከራከረኝም።

ከጎጆው ጥላ ሥር የገበሬው ታላቅ ወንድም ተቀምጠው ነበር፤ ዕድሜያቸው ወደ ሰባ ይጠጋል። ከየት እንደመጣሁ ሲሰሙ ኮፍያቸውን አወለቁ። «ድሬዳዋ፣ ሐረር፣ ጅጅጋ» አሉ፣ ቀስ ብለው፣ እንደ ጸሎት። በ1978 (እ.ኤ.አ.) ለእኛ አገር ከተዋጉት ወታደሮች አንዱ ናቸው። ሐረር አጠገብ አንዲት እናት ከቡና ቅጠል የተፈላ፣ ወተት የገባበት መጠጥ እንደሰጧቸው ነገሩኝ። «ፍሬው አልነበረም፣ ቅጠሉ ነበር» እያሉ ደጋገሙት፤ አርባ ስድስት ዓመት ሙሉ የሚያምናቸው አጥተው ኖረዋል። ቁጢ ነው አልኳቸው። ስሙን ሦስት ጊዜ አስደገሙኝ።

ከዚያ የተሰነጠቀውን ሲጋሬን አሳየኋቸው። ሳይናገሩ ገቡና አንዲት የካፓ ቁራጭና ሙጫ ይዘው ወጡ። ቅጠሉን በምላሳቸው ጫፍ አረጠቡት፣ በቻቬታ የጥፍር ያህል ቆረጡ፣ እንደ ልብስ ጣፉት። የጣፉበትን ቦታ ለማግኘት ብርሃን ላይ ማዞር ነበረብኝ። ገንዘብ አልቀበልም አሉ። ካሉኝ ጥሩዎቹ ውስጥ አንዱን ሰጠኋቸው፤ አሽትተው «ይሄ የጠዋት ነው» ብለው ደረት ኪሳቸው ውስጥ ከተቱት።

ዓርብ፣ የካቲት 1። ሳን ሁዋን ኢ ማርቲኔስ

ኤፒኩሬን የወለደው አፈር ከቪኛሌስ በስተ ደቡብ ነው። ሾፌር ከነመኪናው 70 ዩሮ ጠየቀኝ፤ ውድ ነው፣ ግን ነዳጁን ከየት እንዳገኘ ሳይ አልተከራከርኩም። በፒናር ዴል ሪዮ ከተማ አልፈን ቩዌልታ አባሆ ወደሚባለው አካባቢ ገባን።

የምፈልገው በር መንደሩ ውስጥ ቆሟል፤ የብረት አጥር፣ ከላዩ «ሆዮ ዴ ሞንቴሬይ፣ ሆሴ ሄኔር፣ 1860» ተብሎ ተጽፎበታል። ሄኔር በልጅነቱ ከስፔን የመጣ ሰው ነው፤ ይህን ማሳ ከያዘ በኋላ በ1865 ለሲጋሩ የማሳውን ስም ሰጠው። «ሆዮ» ጎድጓዳ ቦታ ማለት ነው። ቆሜ አየሁት፣ ፎቶ አነሳሁ። ስድስት ዓመት በቀለበቱ ላይ ሳነበው የኖርኩት ስም እውነተኛ በርና እውነተኛ አፈር እንዳለው ማየት ደስ አለኝ።

እዚህ ማሳው ነጭ ለብሷል። ለካፓ የሚሆነው ተክል ከላዩ ስስ ጨርቅ ይጋረድለታል፤ «ታፓዶ» ይሉታል። ከሩቅ ሲታይ አገር ምድሩ ነጠላ የለበሰ ይመስላል። ከውስጥ ብርሃኑ የተጣራ ነው፣ ሙቀቱ ይይዛል፤ ቅጠሉ ፀሐይ ፍለጋ ይሰፋል፣ ይሳሳል። የሲጋር ካፓ ሐር የሚመስለው በዚህ ምክንያት ነው።

የአንድ አውሎ ነፋስ ጠባሳ ግን በየቦታው አለ። ኢያን የሚባለው በሴፕቴምበር 27 ቀን 2022 (እ.ኤ.አ.) በዚህ ክፍለ ሀገር በኩል ገብቶ በሺህ የሚቆጠሩ የማድረቂያ ጎጆዎችን ጣለ። አዲስ እንጨት የቆመባቸው አሉ፣ ምሰሷቸው ብቻ የቀረም አሉ። አንድ ገበሬ የወደቀውን የአባቱን ጎጆ በደረቱ ልክ በእጁ እያሳየኝ ዝም አለ። ኩባ ውስጥ ሲጋር ለምን ጠፋ፣ ለምን ተወደደ ለሚል ሰው መልሱ ከፊሉ እዚህ ሜዳ ላይ ነው ያለው።

ሳን ሉዊስም ደረስን። የአሌሃንድሮ ሮባይና አገር ነው፤ በ2010 (እ.ኤ.አ.) በ91 ዓመታቸው እስኪያርፉ ድረስ የኩባ ምርጥ ካፓ አብቃይ የነበሩ፣ ገበሬ ሆነው ስማቸው በሲጋር ላይ የወጣላቸው ሰው ናቸው። ልጎበኘው ያሰብኩት ማሳ ግን በዚያ ቀን እንግዳ አይቀበልም ነበር፤ በር ላይ ተመለስን። ምሳ በመንገድ ዳር በላን፦ የአሳማ ሥጋ፣ ሩዝ በጥቁር ባቄላ፣ የተቀቀለ ካሳቫ፣ 1,500 ፔሶ። ካሳቫው ላይ የፈሰሰው ነጭ ሽንኩርትና ሎሚ እስካሁን አፌ ላይ አለ።

ቅዳሜ፣ የካቲት 2። በረንዳው

ቀኑን ምንም አልሠራሁም፤ ማታውን እጠብቅ ነበር። እራት በላን፣ ነፋሱ ቆመ፣ መብራት እንደገና ጠፋ። ቪኛሌስ ውስጥ ቤቱ ሁሉ በረንዳ አለው፣ በረንዳው ሁሉ የሚወዛወዝ ወንበር አለው። የተጣፈውን ሲጋር ይዤ ተቀመጥኩ።

ራሱን ሁለት ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ቆረጥኩ፤ ከዚያ ካለፈ ካፓው ይተረተራል። ሳይለኮስ ሳብኩት፤ የደረቀ ሳርና የዘቢብ ጣዕም ነበረው። ክብሪቱ ላይ ያለው ድኝ ተቃጥሎ እስኪያልቅ ጠብቄ፣ እሳቱን ሳላስነካው፣ ጫፉን ከነበልባሉ በላይ እያዞርኩ አሞቅኩት። ዙሪያው ሁሉ እኩል ሲቀላ ነው መጀመሪያ የሳብኩት።

ሲጋር የሚያጨሱ ሰዎች አንዱን ሲጋር በሦስት ይከፍሉታል። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ብዬ ነው እኔ የምቆጥረው። አካሄዱ ግን የቡናችን ግልባጭ ነው። ቡና ከአቦል ወደ በረካ እየሳሳ ይሄዳል፤ ሲጋር ደግሞ እያጨሱት ሲሄዱ ይበረታል፣ ጭሱ ያለፈበት ቅጠል ዘይቱን እየተሸከመ ስለሚቆይ። ስለዚህ ከለስላሳ ሲጋር አቦሉ በጣም ስስ ነው። አፌ ውስጥ የመጣው ወተት፣ ገና ከምጣድ የወረደ ዳቦና ትንሽ አበባ መሳይ ነገር ነበር፤ ችኩል ሰው ምንም የለውም ብሎ የሚያልፈው ነው። በደቂቃ አንድ ጊዜ ብቻ እስባለሁ። ቶሎ ቶሎ ከተሳበ ይግላል፣ ከጋለ ይመራል።

በግማሹ አካባቢ የጥድ እንጨቱ መጣ፣ ከኋላው ካካዎና ስኳር ያልገባበት ቡና። ትንሽ ጭስ በአፍንጫዬ አሳለፍኩ፤ ቁንዶ በርበሬ የሚመስል ጠቅ የሚያደርግ ነገር አለው፤ ያቺ ሊሄሮ ናት፣ ከመሐል ሆና ድምፅዋን ስታሰማ። አመዱ ነጭ ግራጫ ሆኖ ሳይወድቅ ሁለት ተኩል ሳንቲ ሜትር ያህል ቆመ። ሰኞ ማሌኮን ላይ እንደ ገለባ ሲበተን የነበረውን አስታወስኩ። እሳቱ የተጣፈችው ቦታ ሲደርስ ዓይኔን ሳልነቅል አየሁት። አልተንጋደደም፣ አልቆመም፤ ስፌት እንዳላየ አለፈ።

በረካው ላይ ሙቀት ነበረው፣ ለውዝ፣ ቆዳ፣ በመጨረሻም የጨው ያህል ስስ ምሬት። እንደ ኃይለኞቹ ደረት የሚመታ አይደለም፤ ግን ሙሉ ነው፣ ምንም አልጎደለውም። ሦስት ሳንቲ ሜትር ሲቀረው አስቀመጥኩት። ሲጋር እንደ ሲጋራ አይደፈጠጥም፤ ከተደፈጠጠ ይገማል። ብቻውን ቀስ ብሎ ይጠፋል። ሰዓቴን ሳይ አንድ ሰዓት ከአምስት ደቂቃ ፈጅቶብኛል። ጎረቤቶች በጨለማው ውስጥ ዶሚኖ ይጫወቱ ነበር፤ የድንጋዩ ቀጭታ ብቻ ይሰማል።

እሑድ፣ የካቲት 3። መመለስ

ታክሲው ከመምጣቱ በፊት ወደ ማሳው ሮጥኩ። ሽማግሌው ጥላቸው ሥር ናቸው፤ በአንድ እጃቸው የስኒ ቡና፣ በሌላው ኤፒኩሬው፣ ከአቦሉ ትንሽ የቀረው። እኔን ሲያዩ ሲጋሩን ከፍ አድርገው «ቁጢ!» አሉ።

የመልስ መንገዱ ደህና ነበር። ሀቫና እማማን ተሰናበትኩ፤ ከጀርመን ይዤ የመጣሁትን መድኃኒትና የሕፃን ወተት ዱቄት ለልጅ ልጃቸው ተውኩላቸው። አየር ማረፊያ እንደተባለው ደረሰኝ ጠየቁኝ፣ አሳየሁ፣ አለፍኩ። የማሌኮኖቹን ሦስት ሐሰተኞች ቀለበታቸውን አውልቄ ቆሻሻ ውስጥ ጥያቸዋለሁ።

ማርማላታው አዲስ አበባ በሚሄድ ሰው እጅ ደረሰ። አጎቴ ፎቶ ላከልኝ፤ በሳህን ላይ የተቆረጠ ቀይ ጥፍጥፍ፣ አጠገቡ አይብ፣ አጠገቡ ቡና። ወዲያው ደወለ። «አይቡ ልክ አይደለም» አለ። ከዚያ ብዙ ዝም አለ፣ መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ነበር። «ሌላው ሁሉ ልክ ነው።»

የቀሩት ሁለት ኤፒኩሬዎች ሳጥናቸው ውስጥ ናቸው፣ እርጥበቱ 65 በመቶ ላይ። ሁዳዴ ገብቷል። ለፋሲካ አንዱን እከፍታለሁ።